ከአሸንዳው ጀርባ

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

የዳቦ ቤቱ አሸንዳ ዛሬ አለቀ። አሥራ አራት ሜትር፣ ሁለት መውረጃ ቱቦ። ንጋሌ መሰላሉን ሲያወርድ አውራ ጣቱን ቀጠቀጠና የዳቦ ጋጋሪውን ዘር ማንዘር ሰደበ። ሰውየው ምን አደረገ? ትኩስ ዳቦ ሰጥቶን ነበር እኮ። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ንጋሌ አንድ ቀን ራሱን ጥፋተኛ ብሎ አያውቅም። መሰላሉ ነው፣ መዶሻው ነው፣ ፀሐይዋ ናት።

ከሰዓት በኋላ ተራራው አናቱን በደመና ሸፈነ። ገና ነው፤ ግን ሽታው መጥቷል። እዚህ ሊምቤ፣ በባሕሩና በተራራው መሃል፣ ዝናቡ ከመዝነቡ በፊት ይሸታል። ሰው ሁሉ አሸንዳ ትዝ የሚለው አሁን ነው። በጋውን ሙሉ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያላየ ሁሉ "ሞሶኬ፣ ድረስልኝ!"

ሊሙንጋም ደወለች፣ የልጅነት ወዳጄ የኤፋንዴ ሚስት። "አሸንዳው ወንፊት ሆኗል። የሰቀልከው አንተ ነህ፣ አንተው አውርደው" አለች። እሺ አልኳት። የእጄን ዋጋ አልቀበልም። ከኤፋንዴ ቤት እንዴት ተደርጎ?

ጎደሬ በተጨሰ ዓሣ በላሁ። ሚስቴ ናሞንዶ ወገቤን በዘይት አሸችኝ። "እርጅና ነው" አለች። "ሥራ ነው" አልኳት። "እሱም እርጅና ነው" አለች።


መጋቢት 26፣ ዓርብ

ኤፋንዴ ቤት ሄጄ ለካሁ። በረንዳው ላይ ነበር፣ ቀኝ እጁን እንደ ሁልጊዜው ሸሚዙ ውስጥ ከቶ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው... ያን ክረምት የኩሽናው ጥግ ተደርምሶ፣ የጣሪያው ወራጅ እንጨት እጁ ላይ ካረፈ። እጁ አለ፤ አይጨብጥም። በዚህ ባሕር ዳር ከሱ የተሻለ ጀልባ የሚሠራ አልነበረም። አሁን ሌሎች ሲሠሩ ቆሞ ያያል። ሲጠሩት ነው እሱም።

"ሞላ፣ ወዳጄ፣ መጣህ? ሽበትህ ዘንድሮ ከጣሪያዬ ዝገት በለጠ" አለኝ።

"ያንተ ጣሪያ ቢያንስ ቀለም ይቀባል።"

ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ሊሙንጋ መሰላሉን ያዘችልኝ። "ብትወድቅ ለናሞንዶ ምን ልላት ነው?"

"ምንም አትበያት። ተገላገልኩ ነው የምትለው።"

አሸንዳው በእውነት አልቆለታል። ዝገት በልቶታል፣ በሁለት ቦታ ጣት ያሳልፋል። ረቡዕ እንጀምራለን።

ስወጣ ዓሣውን ሰጠኋት። ከዚያ ክረምት ወዲህ በየዓርቡ እወስድላቸዋለሁ። "ወንድም እንኳ እንዲህ አያደርግም። እግዜር ይስጥህ" አለች። ደስ አለኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እንዲህ ሲሉኝ ደስ ይለኛል።


ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

የፊተኛውን አውርደን የኩሽናውን ጎን ጀመርን። ንጋሌ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ። ሊሙንጋ ከታች መሰላሌን ይዛ። የአሸንዳ የኋላ ከንፈር ከቆርቆሮው ሥር መግባት አለበት። ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። ካልገባ ውሃው በአሸንዳውና በጠርዙ ጣውላ መሃል ይወርዳል። ከፊት ሲያዩት አሸንዳው ያማረ ነው፤ ከኋላ ቤቱን ይበላዋል።

አሸንዳውን ከሚይዙት ብረቶች፣ ከሦስተኛው ማቀፊያ እስከ ጥጉ ድረስ ከንፈሩ አልገባም። ሁለት ክንድ ያህል። ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ጣውላው ላይ ተለጥፎ፣ ቀለም ተቀብቶበታል። ቀለሙን አውቀዋለሁ። ሚስማሩንም። ይህን አሸንዳ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ከኔ በኋላ የነካው ሰው የለም። ግድግዳው የወደቀ ጊዜም ጣሪያው ተንጠልጥሎ ስለቀረ አናጢዎቹ አዲስ ቋሚ አቁመውበት ሄዱ። ወደ ላይ ማን አየ?

ጣውላው ላይ ጥቁር መስመር አለ። እንደ መንገድ። ከሦስተኛው ማቀፊያ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጥጉ። ወደዚያ ጥግ።

አዲሱን ቋሚ አናቱን ነካሁት። አውራ ጣቴ ገባ።

"ምን አየህ?" አለች ሊሙንጋ ከታች።

"በስብሷል።"

"ዝናቡ ነዋ። ያ ዝናብ አይደል የጨረሰን።"

ጣውላውን ነቀልኩት። ለንጋሌ አቀበልኩት፣ ጥቁሩን ፊት ወደ ታች ገልብጬ። ለምን ገለበጥኩት? ንጋሌ እንዳያይ? እሷ እንዳታይ?

ጥጉን በሁለት ግንድ ደገፍኩ። "እስክንጨርስ ኩሽና እንዳትገቢ፣ በረንዳ ላይ አብስዪ" አልኳት። "ይሄን ያህል ነው?" አለች። ይሄን ያህል ነው። ጣውላውን ከመሣሪያዬ ጋር ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት።


ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። አሞታል በል አልኩት ንጋሌን። ጣውላው አልጋዬ ሥር ነው።


ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ያን ቀን ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። ቅዳሜ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ ይጫወት ነበር፣ ከወደቡ አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ያስገባ ሰሞን። ሁሉም ወርዷል። እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። የመጨረሻዋ ሁለት ክንድ ቀረች። ቆርቆሮው ጠርዙ ላይ ተጣሞ ከንፈሩን አላስገባም አለ። ማንሣት ነበረበት፤ አራት ሚስማር ነቅሎ፣ አቃንቶ፣ መልሶ መምታት። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጩኸቱ ከታች ይሰማኛል። አጠፍኩት። ቀባሁት። ሰኞ መጥቼ አስተካክለዋለሁ አልኩ ለራሴ።

ሰኞ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ...

ረሳሁት? ወይስ ተውኩት? ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይህን ነው የጠየቅኩት። ግድግዳው የወደቀው ከዚያ በሦስተኛው ክረምት ነው። ሆስፒታል ሄጄ አጠገቡ ስቀመጥ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም? አንድ ጊዜ እንኳ? እግዜር ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ምናልባት ትዝ እንዳይለኝ ዓሣ አመላለስኩ።

ጨዋታውን ተሸንፈን ነበር።

የዛሬውን ዓሣ አልወሰድኩም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመጀመሪያዬ ነው።


ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ናሞንዶ ሳህኔን አየች፣ እኔን አየች። "ሦስት ቀን ሆነህ። ሴት ነው ወይስ በሽታ?"

ጣውላውን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ይህ የሷ ጠባይ አይደለም።

"ዝም በል" አለች በመጨረሻ።

"እንዴት ዝም እላለሁ?"

"አፍህን ዘግተህ ነዋ። አዲሱን አሳምረህ ስቀል፣ ቋሚውን በሲሚንቶ አቁምላቸው፣ ዝም በል። ብትነግረው እጁ ይጨብጣል?"

"አይጨብጥም።"

"እሱ ዛሬ በዝናብ ነው የተጎዳው። በዝናብ ማን ይቀየማል? ነገ ግን በወዳጁ የተጎዳ ይሆናል። እጁ ሳያንሰው ወዳጁንም ልትቀንስበት ነው። አንተ ሸክምህን ታራግፋለህ፤ የምታራግፈው ግን እሱ ላይ ነው።"

ጣውላውን መልሼ ከአልጋው ሥር አስገባሁት። እውነቷን ነው ማለት ነው? እውነቷን ከሆነ ለምንድን ነው ይህ ጣውላ እንቅልፍ የሚነሳኝ?


ሚያዝያ 5፣ እሑድ

መዘምራን። እኔና ኤፋንዴ ወፍራሞቹ ድምፆች፣ ጎን ለጎን እንቆማለን። መጽሐፉን የምይዝለት፣ ገጹን የምገልጥለት እኔ ነኝ። ዛሬ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጥኩና ሌላ መዝሙር ውስጥ ገባን። በክርኑ ጎሸመኝ። እየሳቀ ነው፣ እየዘመረም ነው።

ስንወጣ የመዘምራኑ መሪ ትከሻዬን መታ አደረገ። "አንተና ኤፋንዴን ሳይ ለወጣቶቹ ስብከት አያስፈልጋቸውም እላለሁ።"

ኤፋንዴም "አዎ፣ ይሄ ሰውዬ ቀኝ እጄ ነው" አለ።

ጫማዬን ሳላስር ነበር የሄድኩት።


ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ነገርኩት።

ጧት መሣሪያዬንና ጣውላውን ይዤ ሄድኩ፣ ንጋሌን ሳልጠራ። ኤፋንዴ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ጣውላውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አንተ ንገረኝ። እንጨት የምታነበው አንተ ነህ።"

ሬዲዮውን ዘጋ። በግራ እጁ ጥቁሩን መስመር ተከተለ፣ ቀስ ብሎ፣ ዓይነ ስውር ፊት እንደሚዳስስ። በጥፍሩ ጫረው። አሸተተው።

"ይሄ ከላይ የተንጠባጠበ አይደለም" አለ። "የተንጠባጠበ ቢሆን ነጠብጣብ ይሠራ ነበር። ይሄ ሮጧል። ከኋላ ገብቶ፣ ጣውላውን ይዞ ሮጧል..." ጣቱ ጫፉ ላይ ቆመ። "የኩሽናው ጥግ ነው?"

"አዎ።"

"ከአሸንዳው ጀርባ?"

"አዎ። ከንፈሩን ከቆርቆሮው ሥር አላስገባሁትም ነበር። አጥፌ ቀባሁበት።"

ቀና ብሎ አላየኝም። ጣውላውን ነው የሚያየው።

"መቼ አወቅህ?"

"ባለፈው ረቡዕ። ሳወርደው።"

"እሱን አይደለም የምጠይቅህ። አለማስገባትህን መቼ አወቅህ?"

ናሞንዶ ያላሰበችው ጥያቄ። እኔም ያላሰብኩት።

"ያን ጊዜውኑ" አልኩ። "ሰኞ እመለሳለሁ ብዬ..."

"ያን ጊዜውኑ።"

ሊሙንጋ ሁለት ሳህን ይዛ ብቅ አለች። "ሞሶኬ፣ ተሻለህ? የጎደሬ ኳኮኮ ሠርቻለሁ፣ ትኩሱን..."

"ሳህኑን መልሺው" አለ ኤፋንዴ። "ይሄዳል።"

"ምን ሆናችሁ?"

"ሂድ ሞሶኬ።"

እንደ ወትሮው ሞላ አላለኝም። ከልጅነታችን ጀምሮ በስሜ ብቻ ጠርቶኝ አያውቅም።

መሣሪያዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።


ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ምንም የለም። ማንም አልደወለም።


ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ዝናቡ ቀድሞ ጀመረ። ጧት ቡና እየጠጣሁ ሳለ ሊሙንጋ ግቢያችን ገባች። ጃንጥላ የላትም። ናሞንዶ ሮጣ ወጣች። "ግቢ እንጂ፣ ትበሰብሻለሽ!"

"አልገባም! እሱን ጥሪልኝ!"

ወጣሁ። ጎረቤቶቹ በየመስኮታቸው ናቸው።

"ዘጠኝ ዓመት!" አለች። "ዘጠኝ ዓመት የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ! የጫማውን ክር እኔ! የዓሣውን አጥንት የምለቅምለት እኔ ነኝ! ያንተን ዓሣ ሞሶኬ! ያንተን ዓሣ አጥንት እየለቀምኩ እመርቅህ ነበር! በየዓርቡ እመርቅህ ነበር!"

ዝናቡ ሁለታችንንም ያጥበናል።

ወደ ናሞንዶ ዞረች። "አንቺስ? ታውቂ ነበር?"

ናሞንዶ ልትዋሽ ትችል ነበር። "ከቅዳሜ ጀምሮ አውቃለሁ" አለች። "ዝም በል ያልኩትም እኔ ነኝ።"

ሊሙንጋ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፤ ይህ ከጩኸቱ ባሰ።

"ሦስት አሸንዳ ሠሪ ደወልኩ። ሁሉም እስከ ሰኔ ተይዘናል ይላሉ። ጣሪያዬ እርቃኑን ነው፣ ውሃው በግድግዳው ይወርዳል። ሰኞ መጥተህ ጨርስ። ይቅር ብዬህ አይደለም። እንዳይመስልህ። ስትመጣ ሰላምታ አትስጠኝ።"

"እሺ።"

"እሺም አትበለኝ!"

ሄደች። ናሞንዶ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። "ቁርጡን ነገርኳት" አለች፣ ለራሷ ይመስላል። ከዚያ የበሰበሰ ሸሚዜን ከላዬ ላይ ገፈፈች፣ እንደ ሕፃን።


ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ሰላም አላልኳትም። ከባድ ነው። አፍ ልማዱን ይፈልጋል።

አዲስ የጠርዝ ጣውላ መታን። የበሰበሰውን ቋሚ አውጥተን በሲሚንቶ እግር ላይ አዲስ አቆምን። ንጋሌ ሁሉንም ሰምቷል፤ ሊምቤ ሙሉ ሰምቷል። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ንጋሌ ዝም ሲል እንደ መፍራት ያደርገኛል።

ከሰዓት ኤፋንዴ ዱካውን ከበረንዳው አንሥቶ ከጣሪያው ሥር አስቀመጠና ተቀመጠ። እኛ ልክ ከበላዩ እየሠራን። አንጋጦ ያየናል።

"ክሩ ጎብጧል" አለ።

ለመስመር የዘረጋነውን ክር ወጥረን እንደገና አሰርን።


ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

አሸንዳው በሜትር ግማሽ ጣት ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት። ካነሰ ውሃው ይተኛል፣ ከበዛ ያስጠላል። ኤፋንዴ ውሃ ልኩን ከእጄ ተቀበለና በግራ እጁ ያዘው። በየማቀፊያው መልሶ ያቀብለኛል፣ እያነበብኩ እነግረዋለሁ፣ አያምነኝም፣ ራሴ ልይ ይላል። ዓይኑ እስኪያምን ከመሰላሉ ሥር ያነጣጥራል።

"አምስተኛውን አውርደው።"

አወረድነው። ሰቀልነው።

"አውርደው።"

"ሞላ ኤፋንዴ" አለ ንጋሌ፣ ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ፣ "የጸጉር ያህል ናት እኮ!"

"ውሃ ጸጉርን ያውቃል" አለ ኤፋንዴ።

ሦስት ጊዜ አወረድነው። አልተናደድኩም። እንደሱ ያለ አለቃ ኖሮኝ አያውቅም፤ ድሮ ጀልባ ቤት ውስጥ ሠራተኞቹ ለምን ይፈሩት እንደነበር ገባኝ። ጀልባ ውስጥ ውሃ አይገባም ነበር፣ ያ ነው ነገሩ። የአሸንዳውን ስፋት በእጆቹ ሊያሳየን ሲል ቀኝ እጁ ሳያውቀው ከሸሚዙ ወጥቶ ነበር። ሲያየኝ መልሶ ከተተው።


ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

አለቀ። ንጋሌ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሦስት ባልዲ ውሃ አፈሰሰ። ውሃው አሸንዳው ውስጥ ሮጠ፣ በቱቦው ወረደ፣ በርሜሉን መታው። አንዲት ጠብታ በግድግዳው አልወረደችም።

ኤፋንዴ ተነሣ። "መሰላሉን አምጣ።"

ሊሙንጋ ከበረንዳው "አንተ ሰውዬ!" አለች። አልሰማትም። በአንድ እጁ እየያዘ አራት ደረጃ ወጣ። እኔ ከታች መሰላሉን ይዣለሁ። ጥጉ ጋ ደርሶ በትከሻው መሰላሉን ተደገፈና ግራ እጁን ከአሸንዳው ጀርባ አሾለከ። እስከ ክርኑ። ቆየ። በጣም ቆየ።

"ደረቅ ነው" አለ።

ወርዶ ገባ። እኛም መሣሪያችንን ሰበሰብን።


ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ኤፋንዴ ቦታውን ቀይሯል። በዚያኛው ጫፍ፣ ከጡረተኛው የፖስታ ቤት ሰውዬ ጎን። ሰውየው ገጽ መግለጥ አያውቅም፤ ሁለቴ መጽሐፉ ወደቀ። ኤፋንዴ በቃሉ ዘመረ። እጄ ገጹን ሊገልጥ ሲነሣ፣ ከጎኔ ማንም የለም።

የመዘምራኑ መሪ ዛሬ ትከሻዬን አልነካም።


ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ያን ዓመት አሸንዳ የሰቀልኩባቸውን ቤቶች በወረቀት ጻፍኩ። አሥራ አንድ ትዝ አሉኝ። ያን ቀን ያን ካደረግኩ፣ ሌላ ቀንስ? ጨዋታ ባይኖር ፀሐይ አለች፣ ድካም አለ፣ ረሃብ አለ።

"አብደሃል?" አለ ንጋሌ። "ማን ጠርቶህ?"

"ማንም።"

"ደጃቸውን አንኳኩተህ 'እንደምን ዋላችሁ፣ ሥራዬ ብልሹ ሊሆን ይችላል' ልትል?"

"እንደዚያ ነው የምለው።"

አራት ቤት አይቻለሁ። አራቱም ደህና ናቸው። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።


ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ስድስተኛው ቤት አንድ ማቀፊያ ሥር ከንፈሩ አልገባም። ትንሽ ናት። እንጨቱ ገና አልበሰበሰም። ለባለቤቱ ነገርኩት። የቻለውን ያህል ሰደበኝ፣ ከዚያ ቆሞ አሠራኝ። ተገቢ ነው።

ወሬው ተዳርሷል። ሁለት ሰው ያዘዙትን ሥራ ተዉት። ንጋሌ ዛሬ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ "በገዛ እጅህ ገደልከው፣ ሥራችንን" አለኝ። ከሌላ ሰው ጋር ሊሠራ ነው። አልተጣላንም። የላሜራ መቀሱን ተወልኝ። "ያንተ አይቆርጥም" አለ፤ ልክ ጥፋቱ የመቀሱ እንደሆነ።

ናሞንዶን ብቻዬን ቀረሁ አልኳት። "ጥፋቱን ስትሠራም ብቻህን ነበርክ" አለች። ከዚያ ደነገጠች፣ አፏን ያዘች። ተውኳት። እውነት ነው።


ሰኔ 9፣ ሰኞ

ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ዛሬ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ኤፋንዴ። ከሁለት ወር በኋላ።

"ማ ኤፎሲ ቤት ሄደሃል?"

ማ ኤፎሲ... ሁላችን "ማ"፣ እናት፣ የምንላት መምህሯ። ወረቀቴ ላይ የለችም። "ረሳኋት" አልኩ።

"ያን ዓመት ነው የሠራህላት። አንተን የጠቆምኩላት እኔ ነኝ። ቤታችንን አይታ ጠየቀችኝ፣ ከሞሶኬ ሌላ እንዳትጠሪ አልኳት።" ዝናቡ በሱም በኔም በኩል ይሰማል። "በሯ ላይ ጠብቀኝ።"

ስደርስ ቀድሞኛል፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆሟል። ሰላም አልተባባልንም። መሰላሉን ዘረጋሁ። ወጣሁ። በጓዳው በኩል እጄን ከአሸንዳው ጀርባ ሰደድኩ፤ ውሃው በክንዴ እስከ ብብቴ ወረደ። ከንፈሩ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ታጥፏል። ይህኛውን ጨርሶ አላስታውሰውም። የምን ቀን ነበር? ምን አስቸኮለኝ?

ወርጄ ገባሁ። ከዚያ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ትንሽ አልጋ አለ። የልጅ ልጇ የምትተኛበት። የግድግዳውን ጣውላ በጣቴ ጫንኩት፤ እንደ ስፖንጅ ውሃ ተፋ።

ማ ኤፎሲ ዕድሜ ቢጫናትም አስተማሪነቷ አልለቀቃትም። መነጽሯን አደረገች። "ምንድን ነው ሁለታችሁ እንደዚህ የምትተያዩት?"

ኤፋንዴን አየሁት። እንዲናገርልኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

"ንገራት" አለ።

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከቆርቆሮው እስከ ቀለሙ። ሁለተኛ ጊዜ ይቀላል ብዬ ነበር። አይቀልም። ስጨርስ መጀመሪያ እኔን አላየችኝም። የኤፋንዴን ሸሚዝ፣ እጁ የገባበትን ነው ያየችው።

"ይሄም ያንተ ሥራ ነው?"

"አዎ፣ ማ ኤፎሲ። የኔ ነው።"

ኤፋንዴ አልተከላከለልኝም። አልሄደምም።

"እንግዲህ ምን ትቆማላችሁ?" አለች ማ ኤፎሲ። "ልጅቷ ከትምህርት ቤት ልትመጣ ነው። አልጋውን አንሡልኝ።"

እኔ በራስጌ፣ እሷ በግርጌ፣ ኤፋንዴ መሃሉን በግራ እጁና በዳሌው ገፋ። ወደ ሳሎን አወጣነው። ግድግዳውን በግንድ ደገፍኩ። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ሸራ ወጠርን፤ እኔ ከላይ ሆኜ፣ እሱ ገመዱን በወገቡ አዙሮ ይዞ። "ሳብ" ስለው ይስባል። "ላላ አድርግ" ስለው ያላላል።

አሥር ሰዓት አካባቢ ወጣን። በሩ ላይ ቆመ።

"ወረቀትህ ላይ ስንት ቀረህ?"

"አምስት። ከሷ ሌላ።"

"የረሳኸው ይኖራል። የጠቆምኩትን ሁሉ እኔ አስታውሳለሁ።" ወደ መንገዱ አየ። "ነገ ስንት ሰዓት ነው?"

"አንድ ሰዓት።"

"አሥራ ሁለት ተኩል ይሁን። ዝናቡ ሳይጠነክር።"

መንገዱን ተሻገረ። ማዶ ደርሶ ጃንጥላውን ለመክፈት ታገለ፤ እጀታውን ብብቱ ውስጥ ወትፎ፣ በግራ እጁ ወደ ላይ እየገፋ። አንዴ ተዘጋበት። ሁለቴ። እግሬ ተነሥቶ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት እንደለመደው ሮጦ ሊከፍትለት። እግሬን ያዝኩት። ቆሜ ጠበቅኩ።

ከፈተው። ሄደ።